ከለመድኳቸው እብጠቶች መሃል

ሰውነቴ ላይ ያሉትን እብጠቶች ቆጥሬ አላውቅም። አንገቴ ላይ፣ ክንዶቼ ላይ፣ ሆዴና ጀርባዬ ላይ አሉ። አንዳንዱ ምስር ያህላል፣ አንዳንዱ ሽምብራ፣ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ያለው ደግሞ የወይን ፍሬ ያህላል። ሲነኩ ለስላሳ ናቸው፤ ቆዳዬን ስጎትተው አብረውት ይሄዳሉ። አያሙኝም። የሚያመኝ የሰው ዓይን ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላላችሁ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሾላ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አልፎ አልፎ አያችኋለሁ። እናንተም ታዩኛላችሁ። ከዚያ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እንተላለፋለን። ዛሬ ግን ቀና ብዬ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዳችሁን ይጠቅም ይሆናል።

ስወለድ እብጠት አልነበረኝም አሉ። የነበረኝ ሆዴና ጭኔ ላይ የማኪያቶ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ነው። ጎረቤቶች «ማርያም ስማታለች» ይሉ ነበር። ነጠብጣቡ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ «ስማ ስማ አልጠግብ ብላ ነው» እያሉ ይስቃሉ። እብጠቶቹ መውጣት የጀመሩት ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ነው። ልጄን ናትናኤልን ባረገዝኩ ጊዜ እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ።

አባቴ ዮሐንስም ነበረበት። ግንበኛ ነበር። ከሆሳዕና መጥቶ የካ ተራራ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ በሠራት ቤት ነው እኔም ታናሽ እህቴ ሰላምም የተወለድነው። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። አባቴ ግራ ጭኑ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ቡጢ የሚያህል እብጠት ነበረው፤ ምንም አይለውም ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲል ባለው ዓመት ግን እብጠቱ ማደግ ጀመረ። ጠነከረ፣ እንቅልፍ ነሳው። ወጌሻ አሸው፤ ባሰበት። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀበርነው።

አባቴ ከመታመሙ በፊት ከጎረቤታችን ከጋሽ ተፈራ ጋር በግንብ ሥራ ተጣልተው ነበር። ስለዚህ «አስደግሞበት ነው» ተባለ። እናቴም አመነች። ከዚያ ወዲህ በእኛና በጋሽ ተፈራ ቤት መካከል ሰላምታ ጠፋ። ጋሽ ተፈራ ራሱ ሲሞት እንኳ እናቴ ለቅሶ አልደረሰችም። አጥር ብቻ እየለየን፣ ከሚስቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር ፊት ሳንሰጣጥ ኖርን።

እህቴ ሰላም በብዙ ዓመት ታንሰኛለች። እብጠቶቹ የወጡባት ጀርባዋና ሆዷ ላይ ብቻ ስለሆነ ልብስ ይሸፍናቸዋል። ባንክ ተቀጠረች፤ ዳዊት የሚባል ጨዋ ልጅ አገባች፤ አያት ኮንዶሚኒየም ገቡ። ለሠርጓ «ታዱዬ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልበሺልኝ» አለችኝ። ለበስኩላት። ለባሏ ቤተሰቦች «የእህቴ አለርጂ ነው» ብላ እንደነገረቻቸው የሰማሁት ግን በኋላ ነው።

እኔ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ልጆች ደስ ይሉኛል። አዲስ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቀኛል።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጉብጉብ ነው።»

«ልንካው?»

«ንካው።»

ነክቶ ይረሳዋል። የማይረሱት ወላጆች ናቸው። አንዲት እናት «በሽታዋ ይጋባል» ብላ ልጇን ከክፍሌ ያስወጣችበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከመገናኛ እስከ አያት መንገዱን ሁሉ በቆፈረበት ጊዜ ነው። ታክሲ ስለሚጠፋ በአቧራው ውስጥ በእግር እየሄድኩ ቤት የምደርሰው ቆሽሼና ደክሜ ነው። አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ በኩል፣ አንድ ነገር እጄን ያዘው። እንደሌሎቹ ቆዳዬ ላይ አልነበረም፤ ከቆዳው ሥር ነበር። ጠንካራ ነው። ልገፋው ብሞክር አልሄድ አለኝ።

ላምበረት አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ወጣት ባለሙያ ትሑት ነበር። ክንዴን አየ፣ አንገቴን አየ፣ ጡቴን በልብሴ ላይ ነካ አደረገና «ይኼ እኮ መላ ሰውነትዎ ላይ ያለው ነው። እዚህም ወጣ ማለት ነው፤ አያስቡ» አለኝ። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠኝ። ጨረስኩት። እብጠቱ ባለበት ነው።

ከዚያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕመሜን ስም ሰማሁ፤ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ። ሐኪሙ ደጋግሞ አስጠናኝ። ነርቮቻችን ሽፋን አላቸው፤ እብጠቶቹ የሚያድጉት ከዚያ ሽፋን ላይ ነው፤ በዘር የሚወረስ ነው፤ ወላጅ ካለበት ልጁ ሊወርሰውም ላይወርሰውም ይችላል፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። «ካንሰር አይደሉም» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። ስም ያለው ነገር መሆኑ ብቻ አንድ ነገር ነው።

«ጡቴም ላይ አንድ አለ» አልኩት።

«እሱም ያው ነው» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለኤርሚያስ ነገርኩት። ኤርሚያስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ኮንዶሚኒየሞች ላይ መስመር ይዘረጋል። የነርቭ ሽፋን ሲባል ወዲያው ገባው። «ሽቦው ደህና ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ ነው ያበጠው በይኛ» አለኝ። ተሳሳቅን። እኔም ጉዳዩን ተውኩት። ወራት አለፉ።

ከዚያ አንድ ምሽት ኤርሚያስ አቅፎኝ እያለ እጁ ቆመ።

«ታዱ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ያው ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል እኮ።»

መልሶ ነካው። ባለቤቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። እብጠቶቼን ግን ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል፤ ጀርባዬ ላይ ያሉትን እኔ አይቻቸው አላውቅም።

«አይደለም» አለኝ። «የኛዎቹን አውቃቸዋለሁ። ይሄኛው የኛ አይደለም።»

በነጋታው መስታወት ፊት ቆሜ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቆዳው አንድ ቦታ ላይ በክር የተጎተተ ይመስል ሰርጉዷል። መቼ እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም። ሰውነቴን በመስታወት ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ኤርሚያስ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። እዚያ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ «ካንሰር የለም» ይላል። እናቴ እልል አለች። ፓስተራችን መጥቶ የምስጋና ጸሎት አደረገ። ኤርሚያስ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጠየቀኝ።

«መርፌውን የት ጋ ነው የወጉሽ?»

«እዚህ ጋ» ብዬ አሳየሁት። ጡቴ ቆዳ ላይ ያለችው ትንሿ፣ ለስላሳዋ ናት።

«እና ጠንካራው?»

«እሱን አልነኩትም።» በእኔ ሰውነት ላይ መርፌ ይዞ ለመጣ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ቀላል አልነበረም። እኔም «ይቺ አይደለችም» አላልኩም። ነርሷ ስትቸኩል እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር።

ኤርሚያስ ሌላ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲል እናቴ ተቆጣች። «እግዚአብሔር የሰጠውን መልስ ልትጠራጠሩ ነው?» አለች። ፓስተሩን እንጠይቅ ተባለና ጠየቅን። ፓስተሩ «እህት ታደለች፣ ጸሎት ሐኪም ቤት ያስከለክላል ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ሂጂ» አለኝ። ለዚህ ቃሉ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሌላ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁና።

ሪፈር አጽፈን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ወረፋ የሚያዘው በማለዳ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል። እኔ ስቀመጥ ግን ከጎኔ ያለችው ሴት ተነሥታ ሄደች። ለምጄዋለሁ። ኤርሚያስ ካርድ ሊያወጣ ሄዷል፤ በተጨናነቀው ወንበር ላይ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ቀረ።

ሒጃብ የለበሰች ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ይተላለፋል እንዴ?» አለችኝ፣ ፊት ለፊት።

«አይተላለፍም። የዘር ነው።»

«እንግዲያው ጠጋ በይ፣ ብርድ ነው» ብላ ጎኔ ተቀመጠች።

ስሟ ሙኒራ ነው። የስልጤ ልጅ ናት፤ መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ሱቅ ማን ይይዝልኛል እያለች ዓመት እንዳቆየችው ነገረችኝ። ያን ቀን ኩኪስ ከቦርሳዋ አውጥታ እያካፈለችኝ ስለ ደንበኞቿ ስታወራ ተራዬ ደረሰ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ልብሴን አስወልቃ እጄን ወደ ላይ አስነሣችኝ፤ ብብቴን ዳሰሰች። የክሊኒኩን ወረቀት አነበበች።

«ይሄ ናሙና የተወሰደው ከየትኛው ነው?»

አሳየኋት። በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ማንንም አልወቀሰችም። «ይቺ በእርግጥም ካንሰር አይደለችም» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።» ጠንካራውን በእስክሪብቶ ከበበችው፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት። አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ ናሙናው እንደገና ተወሰደ።

ውጤቱን የምንጠብቅባቸው ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ቀን ላይ ልጆቹ አሉ፣ መዝሙር አለ፣ ፊደል አለ። ሲመሽ ግን ከጣሪያው በላይ የባሕር ዛፉን ሹክሹክታ እየሰማሁ ናትናኤል ያለ እናት ሲያድግ አየው ነበር።

ሐኪሟ አስጠርታን «ካንሰር ነው» አለችን። ቀጥላም «ሊታከም የሚችል ነው» አለች። ሁለቱን ያለ ፋታ ነው የተናገረቻቸው፤ ሆን ብላ ይመስለኛል።

«የቆዳ ሐኪሙ ካንሰር አይደሉም ብሎኝ ነበር» አልኳት።

«እውነቱን ነው። ቆዳሽ ላይ ያሉት አይደሉም፤ ወደዚያም የሚለወጡ አይነት አይደሉም። ግን ሕመሙ እብጠት ብቻ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዝ ፍሬን አለ በይ። አንቺ ስትወለጂ ጀምሮ ፍሬንሽ ላላ ያለ ነው። ስለዚህ የጡት ካንሰር እናንተ ላይ ከሌላው ሴት በበለጠ፣ በወጣትነት ሊመጣ ይችላል። ሁሉም ላይ ይመጣል ማለት አይደለም። እናንተ ግን ቀድማችሁ፣ በየዓመቱ መታየት አለባችሁ። አንቺን ማንም አልነገረሽም?»

«ማንም።»

«ከቤተሰብ ሌላ ያለበት አለ?»

ስለ አባቴ ነገርኳት። ስለ ጭኑ፣ በመጨረሻው ዓመት ስላደገው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በልጅነቱ ለስላሳ ነበር፤ ኋላ ጠነከረ፣ በፍጥነት አደገ፣ ቁጭ ባለበትም ያመው ነበር?»

«እንቅልፍ አልነበረውም።»

«በሽተኛውን ሳላይ እርግጠኛ ልሆን አልችልም። ግን በጥልቁ ያሉት ትላልቆቹ አልፎ አልፎ እንዲህ ይለወጣሉ። የነገርሽኝ ነገር እሱን ይመስላል።»

ወደ ቤት ስንመለስ የማስበው ስለ ጡቴ አልነበረም። እናቴ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። የራሴን ነገር ነገርኳት፤ አለቀሰች። ትንሽ ስትረጋጋ ሌላውን ነገርኳት።

«እማዬ፣ አባዬን የገደለው ድግምት ሳይሆን አይቀርም። ሕመሙ ነው።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሟ።»

«እሷ አባትሽን የት አየችው?»

«አላየችውም። ግን የነገርኳትን ሁሉ ከመጨረሴ በፊት ታውቀው ነበር።»

እናቴ ምስሩን ትታ ተነሣች። በነጋታው ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ከጓሮ አንድ ድንጋይ አንሥታ አየኋት። ከባድ ድንጋይ ነው። ትከሻዋ ላይ አድርጋው በበሩ ወጥታ፣ አጥሩን ዞራ ወደ እትዬ ዘነበች ደጅ ሄደች። ተከተልኳት፤ አትምጪ አላለችኝም።

እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው እናቴን ድንጋይ ተሸክማ ሲያዩ ደነገጡ።

«ምን ሆነሻል? ምንድነው ይሄ?»

«ዘነበች፣ በሐሰት ጠርጥሬያችሁ ነበር። በተፈራ ላይ ክፉ ተናገርኩ። ለቅሶው ላይ አልቆምኩም። ይቅር በይኝ።»

እትዬ ዘነበች ድንጋዩን ተቀብለው መሬት ላይ አደረጉት። ወዲያው አላቀፏትም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «ተፈራ እኮ ሊሞት ሲል “ዮሐንስን አልነካሁትም” እያለ ነው የሞተው» አሉ። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ለእሱ ግን ዘገየሽ።» ከዚያ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ወደ ቤት ተመለስኩ። ያ የእነሱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነበች ከበራችን ጠፍተው አያውቁም። ከኦፕራሲዮን በኋላ አጥሚቱን የሚያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ። ከእንጦጦ የቀዱትን ጠበል በጄሪካን አምጥተው «በእናንተ እምነት እንደማትጠመቂ አውቃለሁ፤ ከአልጋሽ አጠገብ ይቀመጥ ብቻ» ብለው አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እናቴ አላወጣችውም።

ኦፕራሲዮኑ ሙሉ ጡቱን ማንሣት ነበር። «ለሌላ ሴት ከፊሉን አንሥቼ የጨረር ሕክምና ልጨምር እችል ነበር» አለች ሐኪሟ። «አንቺ ላይ ግን ጨረር ካልተገደድን ባንጠቀም ይሻላል። ፍሬኑ የላላ ሰው ላይ ጨረር ራሱ በኋላ ሌላ እጢ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ እንዳለብሽ ለሚያክምሽ ሁሉ ተናገሪ፤ ሳይጠይቁሽ።» ይህን ምክር ለእናንተም አስተላልፋለሁ።

ስነቃ ደረቴ ላይ ፋሻ፣ ከጎኔ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ነበር። ፋሻው ተፈትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ኤርሚያስ ይውጣ አልኩ። አልወጣም። ነርሷ እጄን ግድግዳ ላይ በጣቶቼ እያራመድኩ እንዳነሣ አስተማረችኝ። ቤት ስገባ ናትናኤል «እማዬ፣ ሸረሪት ሁኚ» እያለ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ያበረታታኝ ነበር።

ከዚያ ኬሞ መጣ። በደም ሥር የሚሰጥ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ኤርሚያስ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ለኮንዶሚኒየም የምንቆጥበውን አቆምን፤ ቀስ በቀስም በላነው። ማስመለሱ አንጀቴን አወጣው። ፀጉሬ ሲረግፍ የራስ ቅሌ ላይም እብጠቶች እንዳሉ አወቅሁ፤ እስከዚያ ፀጉር ደብቋቸው ኖሯል። ከመርፌው ክፍል ውጭ ሻሼ ሲንሸራተት ሙኒራ አየችኝ። እሷም ያን ቀን ተራዋ ነበር። ሻሼን እንደ ሒጃቧ አስራልኝ እንዴት እንደማይወልቅ አሳየችኝ። «ወላሂ፣ አሁን ሐጃ መስለሻል» አለችኝ፤ ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው።

በዚያ መሃል ነው ሰላም የመጣችው። ብቻዋን፣ ሾርባ ይዛ፣ እሑድ ቀን። ራሴን ስታይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ካጠበችኝ፣ ካበላችኝ በኋላ ተናገርኳት።

«ሰሊ፣ አንቺም መታየት አለብሽ። ሐኪሟ በስም ጠይቃኛለች።»

«እኔ እንዳንቺ አይደለሁም።»

«እንደኔ ነሽ። ልብስሽ ነው የሸፈነው።»

ተነሥታ ቆመች። «ዳዊት አያውቅም እሺ? ጨለማ ውስጥ ነው ልብስ የምቀይረው። እናቱ ዘር ቆጥራ ነው ያጋባችው። ምን ብዬ ልንገረው? አለርጂ አይደለም፣ ዋሽቼህ ነው ልበለው?»

«አለርጂ ያልሽው እኔን ነው» አልኳት። እስከዚያ ቀን አንስቼባት አላውቅም ነበር።

ሾርባው ዕቃ ውስጥ እንዳለ ትታ ወጣች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ስልክ እንኳ አልደወለችም። እናቴ «ካልሞትሽ ትመጣለች» አለች፤ ማጽናናቷ ነው።

ኬሞው አለቀ። በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ኤርሚያስ እጄን ይዞ ከቤታችን በላይ ባለው የየካ ተራራ ዳገት ላይ ትንሽ ትንሽ ያራምደኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ከቤታችን አጥር እንኳ መራቅ አቅቶኝ ነበር።

ሰላም የተመለሰችው ስለ እኔ ብላ አልነበረም። ልጇ ማርታ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። ዳዊት ገላዋን ሲያጥባት ሆዷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አይቶ «እነዚህ በዝተዋል፤ ሐኪም ይያቸው» አለ። ሰላም ያን ምሽት መብራቱን ሳታጠፋ ልብሷን አውልቃ ጀርባዋን አሳየችው።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ቀናት ፈጀበት። ከዚያ “ዋሽተሽኛል፣ እሱ ያመኛል። አሁን ግን የት ነው የምንሄደው?” አለኝ።»

አማቷ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ሐኪሟ ዘንድ የሄድነው ግን አራት ሆነን ነው፤ ሰላም፣ ዳዊት፣ ማርታና እኔ። ዳዊት በዚያ ረጅም ወንበር ላይ ማርታን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። የሰላም ስም ሲጠራ ሹራቧን የምታወልቅበት ክፍል ድረስ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ጀርባዋን፣ ጡቷን፣ ብብቷን አየች፤ አልትራሳውንድም ተነሣች። ምንም አልተገኘም። «በየዓመቱ ትመጪያለሽ» ተባለች። ማርታም ሕመሙ እንዳለባት ተነገረን፤ ሕመሙ የልጆችን ዓይን ሊነካ ስለሚችል ዓይኗን በየጊዜው የሚያይላት ሐኪም ተመደበላት። ሰላም ከክፍሉ ወጥታ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሙኒራ ሁለተኛውን ዓመት አላየችም። ዘግይታ ነበር የመጣችው። ለቅሶዋ ላይ ለሴት ልጆቿ ጡታቸውን እንዲያስመረምሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ በለቅሶ ቤት የሚወራ ባይሆንም።

እናንተ እንደኔ ያላችሁ፣ ከሰማችሁኝ ይቺን ያዙልኝ። አብዛኛው እብጠታችን አብሮን የሚኖር፣ የማይጎዳ ነው። ከመካከላቸው ግን አንዱ እንደ ጓደኞቹ ካልሆነ፣ ከጠነከረ፣ አልንቀሳቀስ ካለ፣ በፍጥነት ካደገ፣ ወይም ሕመም ካመጣ፣ «ያው ነው» ለሚላችሁ ሰው ጣታችሁን አኑራችሁ «ይሄኛውን እዩልኝ» በሉ። ሴቶች ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሲሞላችሁ ጡታችሁን በየዓመቱ አስመርምሩ። ሊነካችሁ የሚያፍር ሰው ቢኖር አይዞህ በሉት፤ እኔን ያተረፈኝ የባለቤቴ እጅ ነው።

አሁን ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ክፍሌ ተመልሻለሁ። ሰላምና እኔ የዓመት ቀጠሯችንን አንድ ቀን አድርገነዋል። ባለፈው ማርታንም ለዓይን ምርመራ ይዘናት ስንሄድ ከአያት ባቡር ላይ ተሳፈርን። ማርታ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ጭኔ ላይ ተቀምጣ ክንዴ ላይ ያሉትን በጣቷ ስትነካካ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ እኔም ይወጣብኛል?»

ሰላም ወደ መስኮቱ ዞረች። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ ለእኔ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም።

«ሳይወጣብሽ አይቀርም» አልኳት። «ስታድጊ።»

«ያማል?»

«አያምም። አንዱ ካመመሽ ወይ ጠንካራ ከሆነ ግን ለእማዬ ትነግሪያታለሽ። እማዬ ለሐኪሟ ትነግራለች። ሐኪሟ ታየዋለች።»

«ወዲያው?»

«በዚያው ቀን።»

አሰበችበት። ከዚያ ዞራ የእናቷን ሸሚዝ ጎተተችና «እማዬ፣ ያንቺንስ አሳዪኝ» አለቻት። ባቡሩ ሰው ሞልቶበት ነበር። ሰላም ዙሪያዋን አየች፤ እኔንም አየችኝ። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ፣ ባለፈው ክረምት ብብቷ አጠገብ የወጣችውን ትንሿን፣ ለስላሳዋን እብጠት ለልጇ አሳየቻት።